የእትዬ ታየች ላሞችና የፈላው ወተት

ክብርት ኃላፊያችን ወይዘሮ ሄርሜላ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ ይህን ድግስ ደግሳችሁ፣ ይህን ጋቢ አልብሳችሁ ልትሸኙኝ በመሰብሰባችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋቢው ይሞቃል። ማኪያቶውም ጥሩ ነው። አዎ፣ ወተቱ ፈልቶ እንደሆነ ጓዳ ገብቼ ጠይቄያለሁ። ምን ላድርግ? እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ የምግብ ተቆጣጣሪ ነኝ።

ጉለሌ ውስጥ ዓምሃ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያውቀኝ የለም። «ጋሽ አፍሉ» ካላችሁ ግን የታክሲ ረዳት ሳይቀር ቤቴ ድረስ ያመጣችኋል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ገብቼ ገና ከመቀመጤ አጠገቤ ያሉ አዛውንት፣ እዚህ እንኳ ወተት የለም፣ አርፈህ አልቅስ ብለውኛል።

በዚህ ሥራ ያሰለቸኝ ነገር ቢኖር ውሃ ነው። ሰዉ ወተት ሲገዛ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ውሃ አለበት? መለኪያዬን ነክሬ የለበትም ስለው አመስግኖ እዚያው በጥሬው ይጨልጠዋል። ውሃ የለበትም ማለት በሽታ የለበትም ማለት ነው ወይ? ታይፎይዱም ሆነ የሳንባ ነቀርሳው በመለኪያዬ አይታይም። እኔም ተቆጣጣሪው በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የማውቀው እሳት እንደሚፈራ ነው።

እትዬ ታየችን የማታውቁ ካላችሁ፣ ሸጎሌ ሦስት ላሞች አሏቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእነዚህ ላሞች ነው። ቅር አይበላችሁና ግቢያቸው ከእኛ ቢሮ ይጸዳል። ጡት ሳያጥቡ አያልቡም። ችግሩ ሲሸጡ ነው። ወተት እሳት ላይ ከገነፈለ የላሟ ጡት ይታመማል ሲባል ከእናታቸው ሰምተዋል። እሳቸው ደግሞ ጥንቁቅ ናቸው፤ እንዳይገነፍል ብለው ከነጭራሹ እንዳይፈላ ከለከሉ። እየቀዱ፣ እሳት እንዳታሳዩት ይላሉ። እሺ ያላለ ወተት አያገኝም።

ስንት ጊዜ ሄድኩ መሰላችሁ? ብሮሹር ይዤ ብሄድ የወተት ጣሳ ከደኑበት። ሐኪም ይዤ ብሄድ ጥሬውን አጠጥተው ሸኙት፤ እሱም ይባስ ብሎ ጣፈጠኝ አለ። ለእኔ የሰጡኝ መልስ አጭር ነው።

«ዓምሃ፣ እኔ የምሸጠው ለሰው ነው፤ ለምድጃ አይደለም።»

ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ጡረታዬ ሲቃረብ ወይዘሮ ሄርሜላ ጠሩኝ። እትዬ ታየች ደንበኞቻቸውን አፍሉ እንዲሉ አድርግ፣ እንቢ ካሉ ሽያጩን አግድ አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ ያን ወተት የሚጠጡ ሕፃናት አሉ። ግን የእትዬ ታየችን በር መዝጋት ጉሮሯቸውን መዝጋት ነው። የመጨረሻ ሥራዬ ይሄ ሊሆን ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

በዚህ መሐል ሙሽሬ የምትባለው ላማቸው ጡቷ አበጠ። እትዬ ታየች ሐኪም አልጠሩም፤ ሰፈሩን ጠሩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደንበኛው ሁሉ ግቢያቸው ተሰበሰበ። እኔም እንደ ዋና ተጠርጣሪ ከፊት ተቀመጥኩ። ከመካከላችሁ ያፈላ አለ፣ ይውጣ አሉ። የወጣ የለም። ጎረቤታቸው አቶ ስብሐት ብቻ ተነሥተው፣ እንዲህ ያለ ጨካኝ ከሰፈር ይባረር ብለው ተቆጡ።

ይህን ጊዜ የገዛ ልጃቸው፣ ልዩ የምትባለው፣ ልጇን እንዳዘለች ተነሣች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ልጁ ወተት ከጀመረ ወዲህ ሳላፈላ ሰጥቼው አላውቅም።»

እትዬ ታየች አፋቸውን ያዙ። ከኋላ አንዷ እኔም አለች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላው። አንዷማ የወተቱ ሽታ እንዳይታወቅባት በርበሬ እያቃጠለች ነበር የምታፈላው፤ ሰፈሩ ዓመቱን ሙሉ ለምን ሲያስነጥስ እንደከረመ ያወቅነው ያን ቀን ነው። አቶ ስብሐት ቀስ ብለው ተቀመጡና፣ እኔ እንኳ ለብ ብቻ ነው የማደርገው አሉ። ሚስታቸው አላስቻላትም፤ ኧረ ይንተከተካል አለች።

ሁሉም ያፈላ ነበር፤ ሁሉም ብቻውን መስሎት። ያ ሲስቅብኝ የኖረ ሰፈር ለካ ሲሰማኝ ኖሯል! ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ቀና ስል ግን እትዬ ታየች ያለቅሳሉ። ያስለቀሳቸው ሰው ሁሉ እሺ እያለ ሲያታልላቸው መኖሩ ነው። አፈርኩ፣ አዘንኩም።

«እትዬ ታየች፣» አልኳቸው፣ «የሦስቱም ወተት ሲፈላ ነው የኖረው። እሳት ቢሆን ሦስቱም ይታመሙ ነበር። ሙሽሬን ሐኪም ይያት።»

እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ጥራው አሉ።

የእንስሳት ሐኪሙ መጣ፤ የጡት በሽታ ነው ብሎ አከማት። መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ የታለበው ሁሉ ይደፋ ሲል እትዬ ታየች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደፉት። ላሟ ዳነች። በሩም አልተዘጋም።

አሁን ለደንበኛ ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ? አፍሉት፣ ግን አታገንፍሉት፤ እያማሰላችሁ አንተክትኩት፣ ዓይናችሁን ከድስቱ አትንቀሉ። እምነታቸውን አልጣሉም ማለት ነው። ላርማቸው ወይ? በፍጹም። የእኔን ብሮሹር አንብቦ ድስት አጠገብ የቆመ ሰው አላየሁም። ለሙሽሬ ጡት ሲባል ግን ሰፈሩ ሁሉ ማማሰያ ይዞ ይቆማል። ጢሞቴዎስ፣ ቦታዬን የምትረከበው አንተ ነህና አደራ፣ ሄደህ እንዳታርማቸው።

ትናንት ልሰናበታቸው ሄድኩ። የፈላ ወተት ቀዱልኝ፤ ለራሳቸውም ቀዱ። በዕድሜያቸው የመጀመሪያው ነው። ቀመሱና ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ጣዕም የለውም።»

«ታዲያ ለምን ይጠጡታል?» አልኳቸው።

ደጅ የሚድኸውን የልዩን ልጅ አዩት።

«ይሄን ልጅ ድሬው መሞት እፈልጋለሁ፣» አሉና ጨለጡት።

ክቡራትና ክቡራን፣ ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ። ደጃችሁ አይዘጋ፣ ጓዳችሁ አይጉደል። በምትናገሩት ሰው ቢስቅባችሁ እንኳ በየቤቱ የሚሰማችሁ አይጥፋ። እናንተንም የልጅ ልጅ ለመዳር ያብቃችሁ፤ በሠርጉ ላይ እኔንም በጤና ያገናኘኝ። አሜን በሉ።