አውራው ሴት ናት

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሦስተኛው ጥቅምት ነበር። ከሮብ ገበያ ስመለስ ፍሥሐን መንገድ ላይ አገኘሁትና አብረን ሄድን። ፍሥሐ አዲስ አበባ ይማር የነበረ የመንደራችን ልጅ ነው። ጣልያን የተማረውን እየለየ መፍጀት ሲጀምር በእግሩ ተጉዞ አገሩ ገባና በአክስቱ ቤት ተጠጋ። አገሬው ይወደዋል፤ ገና አፉን ሲከፍት ሁሉም ጆሮውን ይሰጠዋል። እኔ ዳዊት የደገምሁት፣ ዜማ ጀምሬ በአንድ የኔታ ቂም የተባረርሁት አምባዬ ግን በዚያ አገር ተናግሬ ተሰምቼ አላውቅም። ይሁን፤ ይህን ያነሣሁት ለቅሬታ አይደለም።

ከወንዙ ማዶ ካለው ጽድ ሥር አያ ሙላት ቆመዋል። የንብ ነገር በእሳቸው እጅ ነው ይባላል። ከራሳቸው በላይ፣ ከቅርንጫፉ ላይ፣ የንብ ጭፍራ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሏል፤ በጦስኝ የታጠነ አዲስ ቀፎ ደግሞ እግራቸው ሥር ተጋድሟል።

«እንዳትንቀሳቀሱ!» አሉን። «አውራውን ይዤዋለሁ።»

አውራውን በቀጭን መቃ ውስጥ ከተቱና የመቃውን አፍ በፈትል አሰሩት። መቃውን ወደ ቀፎው ሲያስገቡት ጭፍራው ሁሉ እየጎረፈ ተከተለው።

«አያችሁ? እሱ ከገባ ሁሉም ይገባል። ንጉሣቸው አይደል!»

«አባባ፣ እጅዎን ይባርከው» አለ ፍሥሐ። «ብቻ ‹እሱ› ያሉት እሷ ናት።»

«ማን?»

«አውራው ሴት ናት። የሁሉም እናት ናት።»

አያ ሙላት ሳቃቸውን ለቀቁት። «አምባዬ፣ ይህ ልጅ በጠዋት ጠጥቷል እንዴ? ነገ ደግሞ አውራ ዶሮ እንቁላል ጣለ ሊለኝ ነው! በሉ ሥራ አታስፈቱኝ፣ ለድግሱ የሚሆን ማር መቁረጥ አለብኝ። እሑድ የብርጓልን ወልደ ሰንበት ይወስዳታል።»

ይህን ሲሉ የሁለታችንም ፊት ጠቆረ። የብርጓል የአያ ሙላት ልጅ ናት። አግብታ ልጅ ስላልወለደች ባሏ ፈቷት ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ወንድሟ ደምለው ከአርበኞች ጋር ሆኖ ሲሞት፣ ሚስቱም በተስቦ ስትከተለው፣ ሁለት ሕፃናት በየብርጓል እጅ ቀሩ። ወልደ ሰንበት የደብረ ኤልያስ ሰው ነው፤ ሚስቱ ሞታበት ቤት የምትይዝለት ሴት ይፈልጋል። የሌላ ሰው ልጆች ግን አልፈልግም ብሏል።

«ልጆቹስ?» አለ ፍሥሐ።

«ለእናታቸው ወገን፣ ለመርጡለ ማርያሞቹ እሰጣለሁ።»

«እነሱ እኮ ቤታቸውን ሶላቶ አቃጥሎባቸው ራሳቸው በሰው ቤት ናቸው።»

«ምን ላድርግ? መካን ሴት በአባቷ ቤት ተቀምጣ ስታረጅ ዝም ብዬ ልይ? ሰው ምን ይለኛል? ያልወለደች ለምን ትሆናለች?»

ፍሥሐ አልተቆጣም። እኔ ብሆን ተቆጥቼ ነበር። ከድንጋይ ላይ ቁጭ አለና «አባባ፣ በዚህ ቀፎ ውስጥ ከአንዲቷ በቀር የሚወልድ የለም» አለ። «አበባ የሚቀስሙት፣ እጭ የሚያጠቡት፣ ጠላት የሚነድፉት ሁሉ ልጆቿ ናቸው፤ ሁሉም ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ክንፋቸው ተበልቶ ሳይወልዱ ይሞታሉ። እናቲቱ ግን እነሱ ስለሚቀልቧት ዓመታት ትኖራለች።»

«ወንዶቹስ የት ሄደው?»

«ድንጉላዎቹ ናቸዋ! ማር አይሠሩ፣ አይናደፉ። አበባ ሲጠፋ እህቶቻቸው እየጎተቱ ወደ ውጭ ይጥሏቸዋል።»

አያ ሙላት ወደ እኔ ዞሩ። «አምባዬ፣ ሰምተሃል?»

እኔ ሚስት አላገባሁም፤ ነገሩ ገባኝ። «አያ ሙላት፣ እርስዎም ቢሆኑ ወንድ ነዎት፤ ጢም አለዎት» አልሁ። ፍሥሐ በሳቅ ሊፈርስ ነበር።

«ቆይ» አሉ ሽማግሌው ፊታቸውን ኮስተር አድርገው። «የማይወልድ እንስሳ ዘሩ እንዴት አይጠፋም?»

«ሊቃውንቱም የተጨነቁበት ይኸው ነው። በጥንት ዘመን ሴቶቹ ንቦች ሁሉ እየራሳቸው ይወልዱ ነበር ይላሉ። ነገር ግን ልጆቿ ጥለዋት ከሄዱት ይልቅ፣ አብረዋት ቀርተው እህቶቻቸውን ያሳደጉላት ንብ ክፉውን ወራት ተሻገረች። ያም ጠባይ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ። እህት ከእህቷ ጋር አንድ ደም ናትና፣ እህቷን ስታሳድግ የራሷን ዘር ታሳድጋለች።»

«ቀበሮም እንዲሁ ነው» አልሁ። «ከቤቴ በላይ ካለው ገደል ታላላቆቹ ልጆች ሳይወልዱ ቀርተው ለታናናሾቻቸው አይጥ ሲያመጡ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።»

«አንተ ዝም በል» አሉኝ። ከዚያ ወደ ፍሥሐ ዞረው፣ «ይህ ‹ሰው ከዝንጀሮ መጣ› የሚሉት የፈረንጆች ነገር አይደለም?»

«አባባ፣ እኔ አያት ልመርጥልዎ አልመጣሁም። እግዜር ንብን በዚህ መንገድ አበጃት ቢሉኝም አልከራከርዎም። እኔ የምጠይቅዎ በዓይንዎ ያዩትን ነው። አውራው የሞተበት ቀፎ ምን ይሆናል?»

«ይከስማል።»

«ሠራተኞቹ አሉ፣ አበባው አለ፤ ለምን ይከስማል?»

«እጭ ያጣላ! ያሉት እያለቁ ይሄዳሉ፤ የሚተካቸው የለም።»

«ታዲያ ንጉሥ ከሌለ መውለድ ይቆማል? ጃንሆይ ባሕር ከተሻገሩ ወዲህ በዚህ አገር ልጅ አልተወለደም?»

አያ ሙላት ጢማቸውን ይዘው ወደ ቀፎው ጎንበስ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ ጊዜ» አሉ፣ «ማር ስቆርጥ አውራውን በአውራ ጣቴ ጨፈለቅሁት። ከሆዱ ነጭ ነጭ ነገር ወጣ፤ እንደ ማኛ ጤፍ የደቀቀ። ምን እንደሆነ ሳላውቀው ኖርሁ። ለሰው ብናገር ይሥቁብኛል ብዬ ዋጥሁት።»

«እንቁላል ነው፣ አባባ።»

«እንቁላል ነው» አሉ እሳቸውም፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው።

በዚህ መካከል የብርጓል በሶ ይዛ ከታች መጣች። ትንሿን የደምለውን ልጅ አዝላታለች፤ ልጅቱ አንገቷን አቅፋ ተኝታለች። በሶውን አስቀምጣ ልትመለስ ስትል አያ ሙላት ጠሯት።

«የብርጓል፣ ነይ እስቲ። የወልደ ሰንበት ነገር ላንቺ እንዴት ነው?»

ደነገጠች፤ ከዚያ ቀን በፊት ጠይቀዋት አያውቁም ነበርና። «አባዬ፣ እኔ ምን እላለሁ? እርስዎ ካሉ እሄዳለሁ። ይች ግን በተኛችበት ስትባንን ማን እንደሚያባብላት ይንገሩኝ። እሱን ብቻ ልወቅና ልሂድ።»

ጭፍራው ቀፎው ውስጥ ገብቶ ያሸበሽባል። አያ ሙላት ቀፎው ሥር ተንበረከኩ፤ መቃውን አወጡና ፈትሉን በጥርሳቸው ፈቱት።

«ግቢ እንግዲህ፣ እናቲቱ» አሉ። «ቤትሽ ነው።» ለንቧ ይሁን ለልጃቸው እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። የብርጓል ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ወደ ቤት ሮጠች፤ ስትሮጥ ትከሻዋ በሳቅም በልቅሶም ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ አያ ሙላት ወደ እኔ ዞሩ። «አምባዬ፣ ነገ ደብረ ኤልያስ ሂድና ለወልደ ሰንበት ነገሩ ቀርቷል በለው። ሽማግሌዬ ነህ። ምላስ አለህ።»

በድግሳቸው ሁሉ ከበር አጠገብ ሲያስቀምጡኝ የኖሩ ሰው ሽማግሌዬ አሉኝ! በቅሎ ግን አልሰጡኝም፤ በእግሬ ሄድሁ። ወልደ ሰንበት ትንሽ ደነፋ፣ በኋላ የራሱን እህት ወደ ቤቱ አስገብቶ ዐርፎ ተቀመጠ።

የተገኘውን ጥቅም አንባቢ ይመዝን። በበጋው ኩፍኝ ገብቶ ብዙ ቤት ሲያስለቅስ፣ የብርጓል ሁለቱን ሕፃናት በጨለማ ጓዳ አስተኝታ፣ ውኃ በአፋቸው እያንጠባጠበች አተረፈቻቸው። አያ ሙላትም እንደ አገሩ ልማድ ማሩን ከነእጩ አሟጦ መቁረጥ ትተው፣ እጭ የሌለበትን ከቀፎው ኋላ ያለውን ብቻ መቁረጥ ጀመሩ። ቀፎዎቻቸው ክረምቱን ተሻገሩ፤ በመስከረም የጎረቤት ቀፎ ወና ሲሆን የእሳቸው ጭፍራ ጣለ። መካን እያልን የምናሳዝናት እህት፣ አክስት ወይም አሮጊት የዘራችን ጠባቂ መሆኗን ያወቀ ቤት አይከስምም። የምትወልድ እናት ትኖር ዘንድ የምታሳድግ እጅ ያስፈልጋታል፤ እናት ባትኖርም ያች እጅ እናት ናት።

በተከታዩ ጥቅምት በሕፃናቱ አባት በደምለው ተዝካር ላይ፣ አንድ የሩቅ እንግዳ ልጆቹን አይቶ «የማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ።

«የየብርጓል» አሉ አያ ሙላት።

«እሷ አልወለደችም ሲባል ሰምቼ ነበር!»

«ንብ የምታውቅ ከሆነ ተቀመጥና ላስረዳህ፤ የማታውቅ ከሆነ ጠጅህን ጠጣ» አሉት።

እኔም ጠጄን ጠጣሁ። ከበር አጠገብ አልነበርሁም።