ሰነፏ እጢ

ሞኝነቴን ልናዘዝ፦ ከደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ተሳፍሬ አማኑኤል ከተማ መውረድ ሲገባኝ የሰው ወሬ ጥሞኝ አልፌው ደምበጫ ደረስኩ። ከኋላዬ አንዲት ልጅ እግር ሴትና አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ አይተዋወቁም።

«ከሐኪም ነው ልጄ?»

«አዎ እማማ። ዓመት ሙሉ ደከመኝ። አማቴ ‹ይቺን ሰነፍ ፍታት› እያሉ ባሌን ይጨቀጭቁታል።»

«ሐኪሙስ ምን አለሽ?»

«እንቅርት የሚወጣበት ቦታ ያለችው እጢ ሰንፋ ነው አለኝ። ሆርሞን የሚሉትን ነገር አሳንሳዋለች። እሱ ሲያንስ ልቡም ነርቩም ይንቀረፈፋል አለ።»

«እሰይ! ሰነፏ ተያዘቻ!»

«መድኃኒቱንስ ይዣለሁ። ግን አማቴ ያምኑኛል?»

«ቤትሽ አብረን እንሄዳለን። አማትን የሚያሳምን አማት ነው።»

«እርስዎም አማት ነዎት?»



«ነኝ እንጂ። ምራቴን ሰነፍ ስላት ሁለት ዓመቴ። ይልቅ ሐኪሙ ሰኞ ይገባል?»

«ይገባል።»

«እንግዲያ ይዣት እመጣለሁ።»

እኔ መቼ አርፌ! ዞር ብዬ፣ «እማማ፣ እኔንም የአረም ሰሞን ክፉኛ ይደክመኛል፤ ሆርሞን ይሆን?» አልኳቸው።

«እንጃ ልጄ። ጆሮህ ግን አልደከመም!»

ጆሮዬን እያሻሸሁ ወረድኩ።