ፊልሙን ትቶ ሰዉን የሚያይ

ከመቱ ወደ ጎሬ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት አጠገቡ ያሉትን ሴትዮ ሲያይ ሲያይ ቆይቶ ጠየቃቸው።

«እትዬ፣ ፊልሙ ላይ ልጃቸው የሚሰደድባቸው እናት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«ነኝ። መቱ ለሙከራ ሲታይ ስቀህብኛል ማለት ነው።»

«ይቅርታ፣ መሬት ላይ ሲንከባለሉ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ እኮ። ዳይሬክተሩ አልተናደደም?»

«እሱ መች ፊልሙን ያያል! ጀርባውን ሰጥቶት እናንተን ነበር የሚያየው። በማግስቱ ቤቴ መጣ። ሊያባርረኝ ነው ስል፣ ‹ጥፋቱ የኔ ነው፤ የእውነት ልጅዎ ሲሄድ ምን አደረጉ?› አለኝ።»

«ምን አደረጉ?»

«ቆሎ ቋጠርኩለት። ላልቷል ብዬ ፈታሁት። መልሼ ቋጠርኩት። መኪናው ጡሩምባ እየነፋ ደግሞ ፈታሁት።»

«አላለቀሱም?»

«በየት እጄ እንባ ልጥረግ?»

«ይኼንን ቀረፀው?»

«እንዳለ። ዛሬ ጎሬ ያሳየዋል። ከሳቁብኝ ግን ያወጣዋል፤ ሰው ያልተቀበለውን አያስቀርም።»

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው! ፊልም መሥራት ያለበት እንዲህ ያለ ሰው ነው። እኔም ገብቼ አያለሁ።»

«ና። ብቻ ከፊት ተቀመጥ፤ ፊትህን ይየው።»

ከኋላቸው የተቀመጥኩት እኔ፣ ሰው ስሸኝ ምን ይሠሩ ነበር እያልኩ፣ ጎሬ እስክንደርስ እጆቼን ሳይ ቆየሁ።