ሪሞቱን የማያውቀው በር

ከሺሺንዳ ወደ ቦንጋ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አዲስ የበር ሪሞት ከቦርሳቸው አውጥተው አጠገባቸው ላለው ወጣት አሳዩት።

«ልጄ ሥራ እንደያዘ ከአዲስ አበባ የላከልን ነው፤ ለግቢያችን በር።»

«ደስ ይላል፣ እትዬ። ይሠራል?»

«ለልጄ ይሠራል ብዬዋለሁ።»

«በሩስ?»

«ንቅንቅ አይልም። ባትሪም ቀየርኩለት።»

«በሩን የሚከፍተው ሞተር የቆየ ነው?»

«ግቢውን ስናሠራ ያስገባነው ነው።»

«እሱ ነዋ። የድሮ ሞተር አዲሱን ሪሞት አያውቀውም። ሪሲቨር የሚባል፣ የሪሞቱን ትዕዛዝ የሚቀበል ትንሽ ዕቃ ይጨመርበት፤ ሞተሩን መቀየር አያስፈልግም።»

«ቦንጋ ለባለሙያ ላሳይ ነው የምሄደው። ልጄ ነገ ለዘመን መለወጫችን፣ ለማሽቃሮ በዓል ሲመጣ በሩን ራሱ ሊከፍት ነው።»

«እስካሁን እንዴት አመነዎት?»

«በቪዲዮ አሳየሁታ። እኔ ሪሞቱን ስጫን አባቱ ከውስጥ ተደብቀው በሩን ሳቡት። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየልን።»

«እውነቱን ቢነግሩትስ?»

«ልጄ የላከው ዕቃ አይሠራም ብዬ? አልልም።»

«ባለሙያው ሪሲቨሩን ቢያጣስ?»

«አባቱ ወገባቸውን እያመማቸው ‹አይዞሽ፣ ነገም እኔ አለሁ› ብለውኛል።»

ቦንጋ ስንደርስ ረዳቱን ሳልጠብቅ፣ የሚኒባሱን በር ከውስጥ ስቤ ከፈትኩላቸው።