በቅናት ዴፖ ያልገባችው ካሚዮን

በጦር ክፍሉ ጋራዥ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ሹፌሩ ሞላልኝ ነገ ወታደር ጭና የምትወጣውን ካሚዮኑን ለፍተሻ አምጥቶ፣ ለጋብቻ ሽማግሌ ከላከባት መካኒክ ከአስር አለቃ ስንዱ ጋር ይጨቃጨቃል።

ሞላልኝ፦ ሰላም ናት አልኩሽ እኮ! ኮፈኑን ዝጊና "ትለፍ" በይ፤ ምን ያስጨንቅሻል?

ስንዱ፦ እንግዲያው ሞተሯን አስነሳልኝ።

ሞላልኝ፦ አሁን መቆሟ ነው፣ ትረፍ እንጂ። ሰው እንኳ ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል።

ስንዱ፦ ጋደም የምትለውስ አንተ ነህ። በፈጠረህ፣ አስነሳት።

ሞላልኝ፦ የሹፌሩን ድርሻ ጨርሻለሁ። አጥቤያታለሁ፣ ግራሶ ሰጥቻታለሁ፣ ጎማዋን ነፍቻለሁ፣ ውሃና ዘይቷን አይቻለሁ። አንደኛ ደረጃ ጥገና ማለት ይኸው ነው፤ ራስሽ ነሽ ያስተማርሽን።

ስንዱ፦ ዘይቷን አይተሃል?

ሞላልኝ፦ በዚህ በዓይኔ በብረቱ!

ስንዱ፦ ታዲያ ይሄ ምንድነው? የዘይት መለኪያዋን ብመዘው ወተት መስሎ ወጣ። ጡጦ ልንሞላበት ነው?

ሞላልኝ፦ ያው… ጠዋት ጉም ነበር።

ስንዱ፦ ጉሙ ሞተር ውስጥ ገብቶ አደረ? ውሃው ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል፣ አንተ ሰው! ይሄ ያንተም ደረጃ አይደለም፣ የኔም አይደለም። እኔ ቺንጊያ እቀይራለሁ፣ ራዲያተር እፈታለሁ፤ ሞተር ተበትኖ የሚታየው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው። ዴፖ!

ሞላልኝ፦ መጣች! ዴፖ የምትለዋ ቃል ካፍሽ እስክትወጣ ነበር የምጠብቀው። ስትጠሪያት ደግሞ እንዴት እንደምትጣፍጥሽ!

ስንዱ፦ ምን ሆነሃል?

ሞላልኝ፦ ደንቡን የማላውቅ መሰለሽ? ብልሽቱን ያገኘ መካኒክ አብሮ ሄዶ ያስረክባል፣ ሞተሩ እስኪከፈትም እዚያው ይቆያል። ዴፖ ደግሞ ማን አለ? ሃምሳ አለቃ አስናቀ!

ስንዱ፦ አስናቀ ኮርስ አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው፤ አለቀ።

ሞላልኝ፦ ሌላ ሰው ሲደውልልሽ "አቤት" ትያለሽ። እሱ ሲደውል ገና ስልኩን ሳታነሺ ትስቂያለሽ።

ስንዱ፦ ቀልደኛ ነዋ!

ሞላልኝ፦ እኔስ ቀልደኛ አይደለሁም?

ስንዱ፦ አሁን አሁን እየሆንክ ነው።

ሞላልኝ፦ ሳቂ፣ ሳቂ። እሱ የሰጠሽን ካቻቢቴ ደረት ኪስሽ ውስጥ ሸጉጠሽ ትዞሪያለሽ፤ እኔ የገዛሁልሽን ሻርፕ ዘይት ትጠርጊበታለሽ!

ስንዱ፦ አንዴ ነው፣ እሱም ጨርቅ ባጣ! ደግሞ ሻርፑ ዘይት ደህና አድርጎ ይመጥጣል።

ሞላልኝ፦ እሱ ሃምሳ አለቃ፣ እኔ ተራ ሹፌር። እሱ ሞተር ይከፍታል፣ እኔ ጎማ እነፋለሁ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር!

ስንዱ፦ አንተ ገንፎውን ሳትቀምስ ነው ስንጥሩ ጉሮሮህ ላይ የተሰነቀረው። ቆይ ግን… ይሄን ብልሽት ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?

ሞላልኝ፦ ተይው በቃ።

ስንዱ፦ ከመቼ?

ሞላልኝ፦ ሽማግሌ ከላክሁ ማግስት። ጠዋት ጠዋት ማንም ሳያየኝ የጎደለውን ውሃ ስሞላላት ከረምኩ።

ስንዱ፦ እያወቅህ! እኔን ደብቀህ!

ሞላልኝ፦ ቅድመ መከላከል ጥገና በይው። "ከመበላሸቱ በፊት ጠብቁት" ብለሽ የለ? እኔም ትዳሬን ጠበቅሁ።

ስንዱ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ነገ ከኋላ የሚሳፈሩት ልጆችስ? ያንን ቁልቁለት ታውቀዋለህ። መሃሉ ላይ ሞተሯ ቀጥ ቢል፣ የንፋስ ፍሬኗ ንፋሱን ከየት ያመጣል? እነሱ እናት የላቸውም?

ሞላልኝ፦ …ስለነሱ አላሰብኩም።

ስንዱ፦ ስለምን አሰብክ?

ሞላልኝ፦ ስላንቺና ስለሱ። ስተኛም፣ ስነሳም፣ ውሃውን ስሞላም።

ስንዱ፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። አባቴ ለሽማግሌዎችህ መልስ የሚሰጠው እሁድ ነው። ከዚያ በፊት እኔን ይጠይቀኛል። ዛሬ ቢጠይቀኝ ምን የምለው ይመስልሃል?

ሞላልኝ፦ አትንገሪኝ! እንኪ፣ ቁልፉ ይኸው። ትሂድ። መኪና በሚጭነው ሎቤድ ላይ አስጭነሻት ሂጂ፤ እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ ልቃጠል።

ስንዱ፦ ሎቤዱ ሌላ ቦታ ወጥቷል። ተጎትታ፣ የፍሬን ንፋሷንም ከጎታቹ እየተቀበለች ነው የምትሄደው።

ሞላልኝ፦ ጎታቹን የሚነዳው ማን ነው?

ስንዱ፦ አስናቀ ነዋ፣ የዴፖው ጎታች እኮ በሱ እጅ ነው። ዛሬ ከደወልኩለት ነገ ረፋድ ላይ ይደርሳል።

ሞላልኝ፦ አንቺስ የት ልትቀመጪ?

ስንዱ፦ ጋቢና፣ ከጎኑ።

ሞላልኝ፦ እመብርሃን! የኔዋን መሪ ማን ሊይዝ ነው?

ስንዱ፦ ሹፌሯ ማን ነው?

ሞላልኝ፦ ሙሉውን መንገድ? ከኋላችሁ አቧራችሁን እየቃምኩ፣ ሁለታችሁ ስትስቁ ልመለከት?

ስንዱ፦ አንተ መንገዱን እይ። እኔ በጎን መስታወት የማየው አንተን ነው፤ እሁድ ለአባቴ የምነግረውም ያየሁትን ነው።