ግመልን ቆመው ነው የሚያልቧት

ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው አቶ ወልደሩፋኤል ከሐረር የተላከላቸውን ጥቅል ሊቀበሉ በማለዳ ጅግጅጋ መናኸሪያ ደረሱ። ጥቅሉ አልመጣም። የዘገየውን ሹፌር የሚወቅሱበትን ቃል እየመረጡ ሳለ፣ ከድሬዳዋው ሚኒባስ አጠገብ የጎረቤታቸውን የሐጂ ዐብዲኑርን ልጅ ነጅማን አዩ። ትልቅ ሻንጣዋ ጣሪያው ላይ ታስሯል። ይህች ልጅ በእጃቸው ያደገች ናት፤ ባለቤታቸው እማዋይሽ በሕይወት ሳሉ ነጅማ ምሳ የምትበላው ከሁለት ቤት ነበር።

"ሳትሰናበቺኝ ልትሄጂ?"

"ይቅር ይበሉኝ፣ አዴር" አለች። አጎቷን በሶማልኛ የምትጠራበትን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ ለእሳቸውም ሰጥታቸዋለች። "ልሰናበትዎ ብመጣ እንደማለቅስ ስለማውቅ ነው። አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ፊልም ማቀናበር።"

"አሁንም ፊልም! ዲግሪሽን ይዘሽ እንደ ሰው ቢሮ አትገቢም? ወጣቱን ሥራ ያስፈታው እኮ እሱ ነው።"

አቶ ወልደሩፋኤል ይህን የተናገሩት ለክፋት አይደለም። በእሳቸው ዘመን ሥራ ማለት በሜትር የሚለካ ወይም በሚዛን የሚቀመጥ ነገር ነበር። እንዲህ የሚያስቡ ደጋግ ሰዎች በየከተማችን ሞልተዋል፤ ልናስረዳቸው እንጂ ልንስቅባቸው አይገባም።

"አዴር፣ አንድ ፊልም ሲሠራ ልብሱን ልብስ ሰፊ ይሰፋል፤ ቤቱን አናጺ ያበጃል፤ ሹፌሩ አለ፣ ምግብ አብሳይዋ አለች። ጨርቁስ ከማን ሱቅ ይገዛል?"

"በጨርቅ አትደልይኝ" አሉ፤ ፈገግታቸው ግን አመለጣቸው። "እሺ፣ ሥራ ነው እንበል። ታዲያ ሁሉ የተሟላለት አዲስ አበባ ይሥራዋ! እኛ ጋ ምን አለ?"

"አምና የአዲስ አበባ ሰዎች ስለ ሀርሺን አርብቶ አደሮች ፊልም ሲሠሩ እዚያ ረዳት ነበርኩ። እናትየው ልጇ ሞቶባት፣ እንባዋን እያፈሰሰች ግመል ታልባለች። በርጩማ ላይ ተቀምጣ።"

"ተቀምጣ?"

"እንደ ላም! ግመል ማለብ እኛ ዘንድ የወንድ ሥራ መሆኑንም ነገርኳቸው። 'ማን ያውቅብናል?' አሉኝ። ፊልሙ እዚህ ሲታይ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ልጅ በሞተበት ቦታ ሳቁ፣ አዴር። እኔ መግቢያ ጠፋኝ።"

አቶ ወልደሩፋኤልም መሳቅ ጀምረው ተዉት። የዛሬ አርባ ዓመት ከምንጃር ለንግድ መጥተው ሀርሺን ባደሩ ጊዜ፣ ላግዝ ብለው ከግመሊቱ ሥር ቁጭ ቢሉ በአንድ እርግጫ አሽቀንጥራቸው ነበር። ከአቧራው ያነሳቸው ያኔ ጎረምሳ የነበረው ዐብዲኑር ነው። ቆሞ አንዱን እግር አንስቶ በሌላው ጉልበት ላይ ማሳረፍን፣ የወተቱንም ዕቃ ጭን ላይ ማስቀመጥን በትዕግሥት አሳያቸው። ወዳጅነታቸው የጀመረው በዚያ ጠዋት ነው።

"እንደ አባትሽ ያለ አስተማሪ ቢኖራቸው አይሳሳቱም ነበር" አሉ ዝግ ብለው።

"እሱን ነው የምለው። የሚያውቁት ሰዎች እዚህ፣ ካሜራው ግን እዚያ። እኛ ካልሠራነው ሌላው እንደመሰለው ይሠራናል።"

"አባትሽስ ምን ይላል? ሃይማኖቱስ?"

"'ነውር ከሌለበትና እውነታችንን ካሳየ ዱዓዬ ካንቺ ጋር ነው' ብሎኛል። ያጣነው ቦታ ነው። እኔና ጓደኞቼ ቢሌና ሹክሪ ለመቅረጫም ለማሠልጠኛም የሚሆን ሰፊ ቤት ዓመት ሙሉ ፈለግን። ሹክሪ ተስፋ ቆርጣ ናይሮቢ ሄደች። አሁን ተራው የእኔ ነው።"

"ቢሌ? መጋዘኔን ሊከራይ የመጣው ረጅሙ ልጅ?"

ነጅማ አንገቷን ደፋች።

"'መጋዘኔን ለጭፈራ አላከራይም' ብዬ የመለስኩት እናንተን ኖሯል? ለምን ራስሽ አልመጣሽም?"

"እኔ ብመጣ እምቢ አይሉኝማ። ሳያምኑበት ለእኔ ብለው እንዲሰጡኝ አልፈለግሁም።"

ሽማግሌው አሁን ገባቸው። የሚወዷትን ልጅ ከከተማው ያስወጣት የገዛ አፋቸው ነው። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ።

"አንተ ሹፌር፣ ያንን ሻንጣ አውርድልኝ!"

"አባባ፣ ልንወጣ እኮ ነው! የሰው ዕቃ ተጭኖበታል።"

"እንግዲያው እኔ እወጣለሁ" ብለው ከዘራቸውን ለነጅማ አስያዙና የሚኒባሱን መሰላል ጨበጡ። ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ፤ ሹፌሩ ግን ደንግጦ እየሮጠ መጥቶ ቀደማቸው።

"አዴር፣ አምነውበት ነው?" አለች ነጅማ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"ግማሹን አምኛለሁ። ግማሹን እዚሁ ሆነሽ ታሳምኚኛለሽ።"

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፏል። ዛሬ ፊልም መቅረጫና ማሠልጠኛ በሆነው በአቶ ወልደሩፋኤል መጋዘን አናጺውና ልብስ ሰፊው ሥራ ያገኛሉ፤ ከብት ጠባቂ ሽማግሌዎች እንደ መምህር ተከብረው ይጠየቃሉ፤ በሶማልኛ የተሠራው ፊልም በአማርኛ ተተርጉሞ ሌላ ከተማ ይታያል። ሹክሪም ተመልሳ ድምፅ መቅረጽ ታስተምራለች። ከተማን አስፋልትና ፎቅ ብቻ አያሳድጉትም። ልጆቹ ያዩትን በራሳቸው አንደበት ሲናገሩና ንግግራቸው እንጀራ ሲሆናቸው፣ ያኔ በእርግጥ ያድጋል።

በቅርቡ ከሽንሌ የመጣች አንዲት እናት ሴት ልጇን አስከትላ አቶ ወልደሩፋኤል ሱቅ ገባች። የፊልሙ ትምህርት ቤት የት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

"አዲስ አበባ ብትለኝ አልለቃትም ነበር" አለች የልጇን እጅ እንደያዘች። "ጅግጅጋ ከሆነ ግን ስትናፍቀኝ መጥቼ አያታለሁ።"

አቶ ወልደሩፋኤል ሱቃቸውን በጠራራ ፀሐይ ዘጉ።

"ኑ፣ እኔው ላድርሳችሁ" አሉ። "እኔም ልጄን ያላጣኋት በዚያ ቤት ምክንያት ነው።"