ከወደቀ በኋላ የዞረው ፈረሰኛ

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የሰማሁት ነው፤ አንዳንዱን ቃል አሳስቼ ይሆናል። ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት ሴትና የባሏ አጎት ነበሩ። ባሏ በበዓል ግልቢያ ላይ ወድቆ፣ ጭንቅላቱ ተጎድቶ ሆስፒታል ተኝቷል።

«አያ ደሴ፣ ደሙ እየፈሰሰ መልሰው ፈረሱ ላይ ያወጡት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ ወደቀ ይባል?»

«አልወደቀም እንዴ?»

«ወድቋል። ግን ደግፈን ሜዳውን አዞርነው፤ ሰውም አጨበጨበ።»

«ጭብጨባው ደሙን አቆመው?»

«አንች ልጅ፣ የቤታችን ክብር ነው!»

«ክብራችሁ ይኸው አልጋ ላይ ነው፤ ትናንት ‹አንች ማን ነሽ› አለኝ።»

«ዶክተሩ አንጎል ውስጥ የሚፈስ ደም የሚገታ መድኃኒት አለ አላለም?»

«‹ወዲያው ብታመጡት ኖሮ› ነው ያለው። ለምን ዘገያችሁ ሲለኝ፣ እየተጨበጨበለት ነበር ልበል?»

«ፈረሱንም ቤት ማድረስ ነበረብን።»

«እሱማ በሰላም ገብቷል፤ ገብሱንም በልቷል።»

እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስሁ፤ የዚያ ዓይነት መድኃኒት የሚጠቅመው ጉዳቱ እንደ ደረሰ ሳይዘገይ ሲሰጥ መሆኑን ግን በኋላ አንብቤ አረጋግጫለሁ።